«ስሎው ትሬይን ከሚንግ»፦ ሰውየው ተለወጠ፣ ዘፈኑስ?

አንድ ታዋቂ ዘፋኝ «ጌታን አገኘሁ» ብሎ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከልቡ ነው ወይስ ለገበያ? እኔን ይህ ጥያቄ ብዙም አይስበኝም። የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ ማየት አልችልም፣ እናንተም አትችሉም። ዘፈኑን ግን ሁላችንም መስማት እንችላለን። ስለዚህ የምጠይቀው ዘፈኑን ነው፤ አንተስ ተለወጥክ ወይ? «ኢየሱስ» የሚለው ስም ግጥሙ ውስጥ መግባቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ቀላል ነው። ድምፁ፣ አተነፋፈሱ፣ የሚያየው ነገር፣ ዞሮ የሚያናግረው ሰው ተለውጧል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከቦብ ዲላን አልበም ከ«ስሎው ትሬይን ከሚንግ» (ቀስ ያለ ባቡር እየመጣ ነው) የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። አልበሙ የወጣው በኦገስት 1979 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዘጠኝ ዘፈን፣ 46 ደቂቃ ገደማ። ሽፋኑ ላይ ሠራተኞች ሐዲድ እየዘረጉ ነው፣ ባቡሩ ከኋላ እየመጣ ነው፣ ከፊት የቆመው ሰውዬ ደግሞ መስቀል የሚመስል ዶማ አንስቷል። ገና ሳትከፍቱት ምን ሊገጥማችሁ እንደሆነ ይነግራችኋል። ዲላን ደግሞ ነገር ደብቆ የሚኖር ሰው ነበር፤ እዚህ ግን ምንም አልደበቀም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። እዚህ አልበም ላይ ሰው በእምነት ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ከሰማኋቸው ዘፈኖች ሁሉ የሚበልጡ ሁለት አሉ። ቆንጆ ሙዚቃ የለበሰ ቁጣ ብቻ የሆኑም ሁለት ሦስት አሉ። የቀሩት መሀል ላይ ናቸው። ደስ የሚለው ነገር፣ ጥሩዎቹን ከመጥፎዎቹ የሚለያቸው ዜማው አይደለም፣ ቅንብሩም አይደለም፤ ዘጠኙም በአንድ ቡድን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የሚለያቸው ሰውየው ጣቱን ወዴት እንደቀሰረ ነው። ወደ ራሱ ሲቀስር ዘፈኑ ሕይወት ይዘራል። ወደ ሌላው ሲቀስር ደግሞ የድሮው ዲላን ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ የድሮው ዲላን።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ። ዲላን በ1941 ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ የቤተሰቡ ስም ዚመርማን ነው። በስልሳዎቹ የተቃውሞው ትውልድ ድምፅ ተባለ፤ እሱ ግን እንዲህ ሲባል አይወድም ነበር። ቃለ መጠይቅ አድራጊ ላይ ያሾፋል፣ ማንም ሳጥን ውስጥ ሊከተው ሲሞክር ሾልኮ ይወጣል። በ1977 ትዳሩ ፈረሰ። 1978ን አገር ላገር ሲዞርና ሲዘፍን ከረመ፣ ድክም ብሎትም ነበር። በኖቬምበር ሳን ዲዬጎ ላይ ከተመልካቹ አንዱ የብር መስቀል መድረኩ ላይ ወረወረለት። አነሳና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሳለ የኢየሱስ መገኘት እንደተሰማው፣ መላ ሰውነቱም እንደተንቀጠቀጠ በኋላ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። በ1979 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቪንያርድ በምትባል ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ተከታተለ፤ ወደ ሦስት ወር ገደማ። አፕሪል ሲያልቅ ስቱዲዮ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። መስቀሉ ከተወረወረበት እስከ ቀረጻው ግማሽ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ገና ትኩስ ነው። አልበሙ ያለው በጎም ሆነ ክፉ ነገር ሁሉ ከዚህ ትኩስነት የሚመጣ ይመስለኛል።

ሌላም የምወደው ነገር አለ። እነዚህን ዘፈኖች መጀመሪያ ራሱ ሊዘፍናቸው አልፈለገም። ዘፈኖቹ እንዳስፈሩት፣ መጻፍም እንዳልፈለገ፣ ከተቀባዮቹ ለአንዷ ሰጥቶ እሷ እንድትዘፍናቸው አስቦ እንደነበር በ1980 ተናግሯል። እንግዲህ «ለገበያ ነው» ለሚሉት መልስ ካስፈለገ ይኸው። ገበያ ያሰበ ሰው ሥራውን ለተቀባይ አሳልፎ ለመስጠት አያስብም።

ሙዚቃውን በተመለከተ ቃላት አላባክንም፤ ምርጥ ነው። የተቀዳው አላባማ ውስጥ መስል ሾልስ በሚባለው ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ ጄሪ ዌክስለርና ባሪ ቤኬት ናቸው። ዌክስለር ማለት የነሬይ ቻርልስንና የነአሬታ ፍራንክሊንን ሥራ የሠራ ትልቅ ሰው ነው። ጊታሩን የያዘው ዳየር ስትሬትስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ መሪ ማርክ ኖፍለር ነው፤ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ኖፍለር ዘፈኖቹን ሲሰማ ለማናጀሩ ደውሎ «ዘፈኖቹ በሙሉ ስለ እግዚአብሔር ናቸው» አለው ይባላል፤ ድንጋጤው ይታያችሁ። ዲላን ዌክስለርንም ሊሰብከው ሞክሮ ነበር። ሽማግሌው ግን እኔ የ62 ዓመት አምላክ የለሽ አይሁዳዊ ነኝ፣ ለኔ ተስፋ የለኝም፣ ይልቅ አልበማችንን እንሥራ ብሎ ገላገለው። ይህን ታሪክ ራሱ ዌክስለር ነው የሚያወራው። እና እስቲ አስቡት፤ በእግዚአብሔር የማያምን ሰው ያቀናበረው የእምነት አልበም ነው፣ ያውም ዲላን እስከዚያ ከሠራቸው ሁሉ በድምፅ ጥራት የተሻለ ከሚባሉት አንዱ። ቤዙ ወፍራም፣ ከበሮው ቁጥብ፣ የኖፍለር ጊታር በግጥሙ መሀል ጣል ጣል እያለ የሚመልስ። ተቀባዮቹ ሴቶች ደግሞ ነፍስ ናቸው።

ወደ ዘፈኖቹ እንግባ።

የመጀመሪያው «ጋታ ሰርቭ ሰምባዲ» ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፤ በ1980 ግራሚ አስገኝቶለታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማንም ሁን ማን፣ አምባሳደር፣ ቦክሰኛ፣ ሐኪም፣ ሌባ፣ ሰባኪ ጭምር፣ ለአንዱ መገዛትህ አይቀርም፤ ወይ ለሰይጣን ነው ወይ ለጌታ። ኢያሱ «የምታመልኩትን ዛሬ ምረጡ» ያለው ነገር ነው፣ በዝግታ ጉሮሮውን እየጠረገ በሚሄድ የብሉዝ ምት ላይ። ብዙዎች የሰባኪ ጣት ነው ብለው ይጠሉታል። ጆን ሌነንማ ተናዶ «ራስህን አገልግል» የሚል መልስ ዘፈን ቤቱ ቀድቶበታል፤ የወጣው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

እኔ ዘፈኑን የምከላከልለት በአንድ ምክንያት ነው። መጨረሻው ላይ ዝርዝሩ ወደ ስሞች ይዞራል፤ እንዲህ ብላችሁ ጥሩኝ፣ እንዲያ ብላችሁ ጥሩኝ እያለ። ከስሞቹ መሀል «ቦቢ» እና «ዚሚ» አሉበት። ዚመርማን፣ ማለትም ራሱ። ሲስቅ ይሰማችኋል ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ሰው ተራ በተራ ካሰለፈ በኋላ ሄዶ ራሱም ሰልፉ ውስጥ ቆመ። ይህቺ ትንሽ ነገር ባትኖር ዘፈኑ ቁጣ ብቻ ይሆን ነበር። አንዳንዴ በአንድ ግጥም ውስጥ የለውጥ ምልክቱ ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ዘፋኙ «እናንተ» ከሚላቸው ሰዎች ጋር ራሱን መቁጠሩ።

«ፕሬሸስ ኤንጅል» ቀጥሎ ይመጣል። ዕውር መሆኑን ላሳየችው ሴት የተዘፈነ ምስጋና ነው። ዜማው ጆሮ ገብ ነው፣ አዝማቹ ሲደርስ ተቀባዮቹና ነፋስ መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ብርሃን እንዲበራለት ሲለምኑ አብራችሁ ካላዜማችሁ እኔ የለሁበትም። ግን መሀሉ ላይ አንድ የሚጎረብጥ ቦታ አለ። ስለ ድሮ ጓደኞቹ ያነሳል። አፍዝ አደንግዝ የያዛቸው ናቸው ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሰዎች ሞትን ለምነው የሚያጡበትን የራእይ ምዕራፍ 9 ጨለማ ያመጣባቸዋል። ትናንት አብሯቸው የነበሩ ሰዎች እኮ ናቸው! ከግማሽ ዓመት በፊት እሱም እዚያው ነበር። አዲስ አማኝ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር ነው ይሄ፤ ከጉድጓድ ወጥቶ አፉ ላይ ቆሞ፣ ገመድ ከማውረድ ይልቅ ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ታች ላሉት ማስረዳት።

ሦስተኛው «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» ነው፤ በአንተ አምናለሁ። እዚህ ጋ ተቀመጡ።

ዘፈኑ የሚጀምረው በጠያቂዎች ነው። ምን ይሰማሃል፣ ፍቅርህ እውነት ነው ወይ እያሉ ይጠይቁታል። ከዚያ በሩን ያሳዩታል። እነሱ እንደሚፈልጉት ስላልሆነ ሂድ፣ አትመለስ ይሉታል። ብቻውን ይወጣል፣ ከቤቱ እጅግ ርቆ፣ ግን ብቸኝነት አይሰማውም፤ በአንተ አምናለሁና ይላል። ያለው ታሪክ ይህ ብቻ ነው። ማንንም አይረግምም። ያባረሩትን እንኳን አይወቅስም። ትልቁ ነገር ግን ግጥሙ አይደለም፣ ድምፁ ነው። ዲላን ሁልጊዜ በራሱ እርግጠኛ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ነው፤ ቃሉን ነክሶ ይተፋዋል። እዚህ ግን ከአቅሙ በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጀመረና ድምፁ ስንጥቅጥቅ አለ። ሊሰበር ይልና ይመለሳል። አንዳንድ ቦታ ላይ ዜማውን ስቶታል ብላችሁ ትሳቀቃላችሁ። ፕሮዲውሰሩ እንደዚያው ተወው፤ እግዜር ይስጠው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። አምናለሁ ካለ በኋላ ይለምናል። እንዳልርቅ አድርገኝ፣ ከአንተ እንዳልወጣ ጠብቀኝ ዓይነት ልመና ነው። የተለወጠ ሰው ዘፈን ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ድል ነው፤ ድሮ እንዲያ ነበርኩ፣ አሁን እንዲህ ሆንኩ፣ ሃሌ ሉያ፣ አለቀ። እዚህ ግን «አለቀ» የለም። ለውጡ ገና ነገ ሊጠፋ እንደሚችል ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይፈራል። ለኔ እውነተኛ ያደረገው ፍርሃቱ ነው። ቀድሞ ምንም የሚፈራ የማይመስል ሰው አንድን ነገር እንዳያጣ ሲፈራ ስትሰሙ፣ ያ ነገር ለእሱ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሳያስረዳችሁ ትረዳላችሁ።

ከዚያ የአልበሙ ስም የተወሰደበት «ስሎው ትሬይን» ይመጣል፤ እኔም መናደድ የጀመርኩት እዚህ ነው። ሙዚቃው ልብ ያንጠለጥላል። ኖፍለር እዚህ ላይ ያለ ልክ ጎበዝ ነው። ግጥሙ ግን ምንድን ነው? ስለ ውጭ አገር ነዳጅ ነው፣ ጌጣጌጥ አድርገው እንደ ንጉሥ ስለሚንጎራደዱ ሼኮች ነው፣ የአሜሪካ ዕጣ ፈንታ አምስተርዳምና ፓሪስ ላይ ይወሰናል የሚል ምሬት ነው። ይህ ከኢየሱስ ጋር ምን አገናኘው? በሰባዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ የሰለቸው ሰው ሁሉ የሚያጉረመርመው ነገር ነው። ለውጥ ሳይሆን አሮጌ ንዴት ነው፤ መስቀል አንጠልጥሎ መጣ እንጂ። ጳውሎስ «አሮጌው ነገር አልፎአል» ሲል አንዳንዱ አሮጌ ነገር ስሙን ቀይሮ ተመልሶ እንደሚገባ ይህ ዘፈን ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ያሉትን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። «ጋና ቼንጅ ማይ ዌይ ኦፍ ቲንኪንግ» አስተሳሰቤን እለውጣለሁ ብሎ ይጀምርና ሁለት ሦስት ስንኝ ሳይሄድ የሌላውን ሰው ኃጢአት መቁጠር ይጀምራል። የጊታሩ ምት ግን ግድግዳ ይነቀንቃል። «ዱ ራይት ቱ ሚ ቤቢ» የማቴዎስ 7፥12 ወርቃማ ሕግ ነው፤ ቀላል፣ ደስ የሚል፣ ወዲያው የሚረሳ። «ዌን ዩ ጋና ዌክ አፕ» መቼ ነው የምትነቁት እያለ ይጮሃል። አዝማቹ የቀረውን አጽና የሚለው የራእይ 3፥2 ቃል ነው። ቃሉ ለሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ነው፣ ማለትም እናምናለን ለሚሉት፤ ዲላን ግን ውጭ ላሉት ወረወረው። ወደ ቤቱ አዙሮት ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ዘፈን ይወጣው ነበር!

ስለ እንስሳቱ ዘፈን ሰው ሁሉ ያሾፋል። አዳም ለእንስሳት ስም ሲያወጣ ነው፤ የልጆች ዘፈን ይመስላል፣ ምቱ ሬጌ ነገር ነው። እኔ እወደዋለሁ። ድብ፣ ላም፣ አሳማ እያለ ስም እያወጣ ይሄድና መጨረሻ ላይ ሣር ውስጥ እየተንሸራተተ ዛፍ ጥግ የሚሰወር አንድ እንስሳ ይመጣል። ዘፈኑ እዚያው ላይ ቁርጥ። ስሙን አይጠራውም። ከሁለቱ የስብከት ዘፈኖች ይልቅ ይህቺ ዝምታ ስለ ኃጢአት ብዙ ትናገራለች። ሳይጮህ መናገር እንደሚችል ራሱ አሳይቶ ነበር።

መጨረሻው «ዌን ሂ ሪተርንስ» ነው፣ ተመልሶ ሲመጣ። ባንዱ የለም። የባሪ ቤኬት ፒያኖና የዲላን ድምፅ ብቻ። መጀመሪያ ከተቀባዮቹ አንዷ እንድትዘፍነው ታስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ራሱ ዘፈነው። ጥሩ አደረገ። አጀማመሩ ኃይለኛ ነው፣ የብረት በትር፣ የሚፈርስ ግንብ፣ ጠባብ በር። አሁንም ሊሰብከን ነው ብዬ ስጠብቅ ጥያቄው ወደ ራሱ ዞረ። እስከ መቼ ነው ውሸት የምሰማው? እስከ መቼ ነው በበረሃ በፍርሃት ሰክሬ የምኖረው? ይህን ኩራቴን መጣል እችል ይሆን? መቼ ይሆን የምማረው? «እችል ይሆን» ሲል መልሱን የሚያውቅ አይመስልም። ፒያኖው ትንሽ ይጠብቀዋል። ከዚያ ድምፁን ለቀቀው፤ ያ በአፍንጫው ይዘፍናል እየተባለ ሲሾፍበት የኖረ ሰው፣ እንደ ጥቁር አሜሪካውያን የጎስፔል ዘማሪዎች ቃሉን እየጎተተ፣ እያጠፈ፣ እየጮኸ። ጎበዝ ዘፋኝ ሆኖ አይደለም። ለማማር መጨነቁን ትቶ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» እና «ዌን ሂ ሪተርንስ» ላይ «እኔ» የሚለው ሰው አደጋ ላይ ነው። እንዴት እንደዳነ እንኳን አይተርክም። የሳን ዲዬጎው መስቀል፣ የሆቴሉ ክፍል፣ አንዱም አልበሙ ላይ የለም። ምስክርነት ሲባል ታሪክ መተረክ ብቻ ለሚመስለን ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ታሪኩን ሳይነግረን ለውጡን አሰማን። በተቃራኒው ደግሞ «ጨለማ ውስጥ ነበርኩ፣ ብርሃን አገኘሁ» የሚሉ ስንት ዘፈኖች አሉ፣ ታሪኩን በቅደም ተከተል የሚነግሩን፣ ግን የየትኛው ሰው ጨለማ እንደሆነ የማይታወቅ። የማንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማንም አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሳስብ ሁሌ ጆን ኒውተን ትዝ ይለኛል፣ «አሜዚንግ ግሬስ»ን የጻፈው። ባሪያ ጫኝ መርከበኛ ነበር። በ1748 ባሕር ላይ ማዕበል ሲያናውጣቸው ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ መለወጤ ከዚያ ቀን ይጀምራል ይላል። ግን ከዚያ በኋላም በባሪያ ንግድ መርከቦች ላይ ካፒቴን ሆኖ ሠርቷል፤ ባሕሩን የተወው በ1754 ነው፣ ያውም ታሞ። መዝሙሩን ያዘጋጀው ለ1773 አዲስ ዓመት ስብከቱ ነው። የባሪያ ንግድን በአደባባይ የሚያወግዘውን ጽሑፍ ያሳተመው ደግሞ በ1788፣ ማዕበሉ ካለፈ ከ40 ዓመት በኋላ። ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። መዝሙሩም የተጻፈው ይህ ሁሉ መንገድ ከተሄደ በኋላ ስለሆነ ማንንም አይከስም። ጠፍቶ የነበረው «እኔ» ነኝ ይላል እንጂ «እናንተ» አይልም። ዲላን የስድስት ወር እምነት ይዞ ነው ስቱዲዮ የገባው። ኒውተን በስድስተኛ ወሩ ቢጽፍ ኖሮ ምናልባት እሱም «ዌን ዩ ጋና ዌክ አፕ» ዓይነት ነገር ይጽፍ ነበር።

ግን ፍትሐዊ ልሁን፤ መብሰልን የሚጠብቅ ሰው ትኩሱን አያገኘውም። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ከ25 ዓመት በኋላ አይመጣም። ያን ጊዜ ሰውየው እንዴት እንደሚዘመር ይለምዳል፣ የት ጋ እንደሚያስለቅስ ያውቃል። በየእምነት አልበሙ ላይ ስንት ዘማሪ ሰምታችኋል፣ ድምፁ ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ እንባ የሚለማመድ? የዚህ አልበም ትልቁ ሀብት አለመልመዱ ነው። ዲላን የዘርፉን ወግ ገና አያውቀውም፣ ስለዚህ ወጉ አላበላሸውም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በኖቬምበር 1979 ሳን ፍራንሲስኮ ዋርፊልድ ቲያትር ላይ 14 ዝግጅት አቀረበ፤ አዲሶቹን ዘፈኖች ብቻ። የድሮዎቹን አንድም አልነካም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የድሮውን ሊሰማ መጥቶ ስብከት ሰማ፤ የጮኸበትም የወጣበትም ነበር። ቀጥሎ በ1980 «ሴቭድ» መጣ፣ ድናለሁ የሚል፤ ሙዚቃው ይሞቃል፣ እንደ አልበም ግን ደካማ ነው። በ1981 «ሾት ኦፍ ላቭ»፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ኤቭሪ ግሬይን ኦፍ ሳንድ» ብቻውን አልበሙን ያስገዛል። እዚያ ዘፈን ላይ ማንም አይወቀስም። ሰውየው በኑዛዜው ሰዓት ብቻውን ቆሞ፣ በእያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ውስጥ የፈጣሪን እጅ ያያል። ከ«ስሎው ትሬይን» ሁለት ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ። ጣቱ ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ በቀጥታ የወንጌል አልበም መሥራቱን አቆመ፤ «ተመለሰ፣ ካደ» ያሉ ነበሩ። እሱ በ1997 ለኒውስዊክ መጽሔት የሰጠው መልስ ደስ ይለኛል፦ ሰባኪም ረቢም አልከተልም፣ እምነቴን የማገኘው በዘፈኖቹ ውስጥ ነው የሚል ሐሳብ። ሊቃውንቱ ይጨቃጨቁበት። በ2003 ደግሞ ያን «አስተሳሰቤን እለውጣለሁ» የሚለውን ዘፈን ከጎስፔል ዘፋኟ ከማቪስ ስቴፕልስ ጋር በአዲስ መልክ ዘፈነው፤ ግጥሙን አብዛኛውን ቀየረው። መሀሉ ላይ ሙዚቃው ቆሞ ሁለቱ እንደ እንግዳና ባለቤት ሲጫወቱና ሲቀላለዱ ትሰማላችሁ። የ1979ኙ ሰውዬ እንዲህ መቀለድ አይችልም ነበር። ስለ መለወጥ የተጻፈ ዘፈን ራሱ ተለወጠ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ቀልድም ስብከትም አላውቅም።

ልትሰሙት ካሰባችሁ ከ«አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» ጀምሩ፣ ከዚያ «ዌን ሂ ሪተርንስ»። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ አልበሙን በሙሉ የምትሰሙት። በቅደም ተከተሉ ከገባችሁበት «ስሎው ትሬይን» ላይ ተናዳችሁ ልታጠፉት ትችላላችሁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ግጥሙን ፊታችሁ አድርጉ፤ ዲላን ቃል ይውጣል። በእምነቱ የለሁበትም የምትሉም ብትሆኑ ለሙዚቃው ብቻ ስሙት፣ ዌክስለርም እንደዚያው ነው የሠራው።

በ2017 የወጣው «ትራብል ኖ ሞር» የሚባለው ስብስብ ከ1979 እስከ 1981 መድረክ ላይ የዘፈናቸውን ይዟል። ዘፈኖቹ መድረክ ላይ ከስቱዲዮው በጣም ይበልጣሉ፤ የተቆጡት ዘፈኖች እንኳ ሕዝብ ፊት ሲዘፈኑ፣ ከተመልካች ጩኸትና ተቃውሞ ጋር ሲጋፈጡ ድፍረታቸው ይታያል። ትልቁ ሳጥን ስምንት ሲዲና አንድ ዲቪዲ ነው፤ ለእብዶች ነው እሱ። የሁለት ሲዲው ይበቃችኋል።